ማሽኑ በግምት የሞላው

ጋሽ ስሱ እየተባሉ የሚጠሩት አባታችን ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከቤት እመቤት እናታቸው ስድስተኛ ልጅ ሆነው ተወለዱ። ትምህርታቸውን እስከ አሥረኛ ክፍል ተከታትለው አቋረጡ፤ ቀጥሎ ያሉትን አራት ዓመታት የትና እንዴት እንዳሳለፉ የሚያውቅ ሰው ፈልገን አላገኘንም፤ እሳቸውም ሲጠየቁ ይስቁ ነበር እንጂ አልነገሩንም። በሃያ ሦስት ዓመታቸው የራጅ ሙያ ተምረው ሆስፒታል ተቀጠሩ፤ እዚያው ካርድ ክፍል ይሠሩ የነበሩትን እናታችንን አግብተው ሁለት ሴቶች ልጆች ወለዱ።

ሲቲ ስካን የመጣ ጊዜ የመጀመሪያው አንሺ እሳቸው ነበሩ። ማሽኑ የሰውን ገላ እንደ ዳቦ፣ ሲፈለግ በስሱ በየአንድ ሚሊሜትሩ፣ ለጥድፊያ ደግሞ በወፍራሙ በየአምስት ሚሊሜትሩ እየቆረጠ ያያል፤ በሁለት ቁራጭ መሃል ያለውን ግን ሳያይ፣ ከግራና ከቀኙ ገምቶ ይሞላና አንድ ወጥ ምስል አድርጎ ያወጣዋል። አንድ ቀን ወረፋው ከበር አልፎ ደረጃው ላይ ሲደርስ፣ ቶሎ እንዲያልቅ ብለው የአንዲት አስተማሪን ሳንባ በወፍራሙ አነሱ። ምስሉ ጥርት ያለ ነበር። ከስምንት ወር በኋላ ሴትዮዋ ብሶባቸው ተመለሱ፤ ለካ ሳንባቸው ላይ የነበረች እጢ በሁለት ቁራጭ መሃል ተደብቃ ኖሯል። አባታችን ማንም ሳይጠይቃቸው ራሳቸው ሄደው "ያላየሁት እኔ ነኝ" አሏቸው። ሴትዮዋ አልተረፉም። ከዚያ ወዲህ ሰው ቢንጫጫም ባይንጫጫም በስሱ ካልሆነ አላነሱም፤ ያን የሚያህል ግዙፍ ሰውነት ይዘው ጋሽ ስሱ የተባሉትም ለዚህ ነው።

ጡረታ ወጥተው ጉበታቸውን ታመው በተኙበት ወቅት፣ የታናሽ ልጃቸውን ሕፃን የሚጥል በሽታ ጀመረው። ልጃቸው የጭንቅላቱን ፊልም ይዛ እየሮጠች መጣችና "አባዬ፣ ምንም የለበትም አሉኝ፣ ተመስገን!" አለቻቸው። እሳቸው ፊልሙን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርገው ጥግ ላይ ያለውን የቁራጩን ውፍረት ቁጥር አነበቡና "ልጄ፣ ይሄ በወፍራሙ ነው። መሃሉን ማን አየልሽ? በስሱ ያንሱት በያቸው" አሏት። እሷ ግን እንዳይንቀሳቀስ ብለው ልጄን እንደገና ሊያደነዝዙብኝ ነው ብላ ፈርታ ሦስት ቀን አቅማማች። በአራተኛው ቀን ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሱና አብረዋት ሄዱ። አንሺው የቀድሞ ተማሪያቸው ስለነበር "ጋሽ ስሱ፣ በሽታም አላሳረፈዎት?" ብሎ እየሳቀ በአንድ ሚሊሜትር አነሳው። የምስር ፍሬ የምታህል እጢ ተገኘች፤ በቀዶ ሕክምናም ወጣች። ሕፃኑ አሁን እዚሁ እናቱ ጭን ላይ ተኝቷል።

አባታችን ከዚያ ቀን በኋላ ከአልጋ አልተነሱም። በስልሳ ስምንት ዓመታቸው ትናንት ጠዋት ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና አንድ የልጅ ልጃቸውን ትተው ዐረፉ።

ይህን የሕይወት ታሪካቸውን ስንጽፍ እነዚያን አራት ዓመታት "በትጋት ሠርተው አሳለፉ ብላችሁ ሙሉት" ያሉን ነበሩ። አላየንምና ክፍት ትተነዋል፤ እሳቸውም ቢሆኑ አይወዱልንም ነበር። እኛ ያላየነውን ጭምር ያየ አምላክ ነፍሳቸውን በሰላም ያሳርፍልን።