ላጲስ የሌለው እርሳስ

«ላቮን፣ ሽሮፑን ወደዚህ ገፋ አድርጊልኝ እስቲ። ዘንድሮ ቀጠን ብሏል አይደል? ክረምቱ ስለረዘመ የዛፉ ፈሳሽ ቀጥኖ ይሆናል። ሜዳው ላይ እኮ አሁንም በረዶ አለ... በግራ በኩል፣ አጥሩ ሥር። ትናንት ሄጄ አይቼዋለሁ። አየሁት ስልሽ ደግሞ በእኔ ዓይን ነው፤ የተሰጣ አንሶላም ሊሆን ይችላል።»

አርዲስ ይህን የምትለው በቬስተርዳል ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት፣ በረጅሙ ጠረጴዛ ጫፍ ተቀምጣ ነው። በየዓመቱ የቤዝቦል ወቅት ሊከፈት አንድ ሳምንት ሲቀረው የከተማው ሰው እዚህ ተሰብስቦ ፓንኬክ ይበላል፤ ስለ ቡድኑም ይከራከራል። ልክ በስድስት ሰዓት አሰልጣኙ የመጀመሪያውን ጨዋታ የሚጀምረውን ወርዋሪ፣ ማለትም ለተቃራኒ መቺዎች ኳስ የሚወረውረውን ሰው፣ ስም በሩ አጠገብ ባለው ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ይጽፋል።

አሰልጣኙ የአርዲስ ባል ነው። አሁን ከኋላዋ አራት እርምጃ ያህል ርቆ፣ ሽርጥ ታጥቆ፣ ጀርባውን ሰጥቷት ፓንኬክ ይገለብጣል። ጠመኔው ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ነው። ዛሬ ጠዋት መኪና ውስጥ «የሚመጣው እሁድ ወርውሬ የምጀምረው እኔው ነኝ» ብሏታል። ዕድሜው ሃምሳ አንድ ነው። እሷም «ይሁን» አለችው። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ይሁን ስትለው ነው የኖረችው።

ላቮን ደግሞ ጎረቤቷ ናት። ልጇ ኒልስ የወተት መኪና ይነዳል፤ በግራ እጁ ይወረውራል፤ ክረምቱን ሙሉ የጎተራውን ግድግዳ በኳስ ሲደበድብ ከርሟል። የጎረቤቱ ከተማ፣ የኤልም ክሪክ ቡድን፣ ና ከእኛ ጋር ተጫወት ብሎታል። ዛሬ ስሙ ሰሌዳው ላይ ካልወጣ ሰኞ እሺ ሊላቸው ነው። ይህን አርዲስ ታውቃለች። ባሏም ያውቃል።

«ስለ ቡድናችን ምን ትያለሽ ታዲያ?» አለች አርዲስ፣ ድምጿን ትንሽ ከፍ አድርጋ። «ሁሉም ዘንድሮስ፣ ዘንድሮስ ይላል። አምናም ዘንድሮስ ብለን ነበር። ስንት ጊዜ እንደተሸነፍን መዝገቡን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ግን ጣቶቼ አለቁብኝና መቁጠሩን ተውኩት። የመጀመሪያውን ቤዝ ይጠብቅ የነበረው ልጅ ከተማ ገባ። ከሜዳው ጥግ ከሚከላከሉት ሁለቱ ወታደር ሆኑ፤ እዚያ እንኳ ያርፋሉ። ቢሆንም ምን ይጎድለናል? ወርዋሪ አለን። እንዴት ያለ ወርዋሪ አለን መሰለሽ...

«ስም አልጠራም። እኔ ደግሞ ስለ ቤዝቦል ምን አውቃለሁ? እርሳስ ቀርጬ ቁጭ የምል ሴት ነኝ። ግን አንድ ሰው አለ፣ እግዚአብሔር ይጠብቀው፣ እንደሱ ያለ ልበ ሰፊ አይቼ አላውቅም። ለመቺ ያዝናል። ኳሱ ራሱ ጨዋ ነው፤ አይቸኩልም፣ አይጋፋም፣ መንገድ ላይ ያገኘውን ሁሉ ሰላም እያለ ነው የሚደርሰው። መቺው ዱላውን አስተካክሎ፣ አፍንጫውን ጠርጎ፣ እናቱ የት እንደተቀመጠች አይቶ ይጠብቀዋል። አምና አንዱ የኤልም ክሪክ ልጅ ከመታው በኋላ ባርኔጣውን አንስቶ አመሰገነው አሉ። እውነት ይሁን አይሁን እንጃ... የሰማሁት ከሦስት ሰው ብቻ ነው።»

ላቮን ሳቋን በእጇ ሸፈነች። ከኋላ የመገልበጫው ድምፅ ለአፍታ ቆመና ቀጠለ።

«ደግሞ ለሌላው ያስባል። ኃይለኛ ወርዋሪ ቢኖረን እኮ ተከላካዮቻችን ቆመው በብርድ ያልቁ ነበር። እሱ ግን ሲያሯሩጣቸው ይውላል። እንዲህ ያለ ጤነኛ ቡድን የት አለ? ሰው እርጅና ሲመጣ በር ይዘጋበታል፤ እሱ እንግዳ ስለሚወድ ከነጓንቱ ሜዳ አስገባው። ታዲያ ይህን ሰው ትተን ግድግዳ የሚደበድብ ልጅ እናስጀምር? ግድግዳው ምን በደለ?»

አርዲስ ፓንኬኳን ቆረሰች፤ ግን አልጎረሰችም።

«ለነገሩ በእኔ ሳቂ፣ ላቮን። ተፈቅዶልሻል። ዱሮ አንዲት ሞኝ ልጅ ነበረች። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ብልህ ያስመስለኛል ብላ ሁለት እርሳስ ጸጉሯ ውስጥ ትሰካለች። የቡድኑን መዝገብ ያዢ አሏት። ያን ያህል ሥልጣን እንኳን ለእሷ ለንጉሥም ይበዛል። ኳስ ተመትታ ተከላካዩ ሳይዛት ሲቀር፣ የመቺው ንጹህ ምት ነው ወይስ የተከላካዩ ስህተት የምትለው እሷ ናት። ምት ካለች ወርዋሪው ላይ ይቆጠራል፤ ስህተት ካለች ነውሩ የተከላካዩ ነው። አንዲት ፊደል መጻፍ ነው፣ በቃ። ለምን ጻፍሽ ብሎ የሚጠይቃት የለም። ዳኛ አይጠይቃት፣ ቄስ አይጠይቃት...»

ቀና ብላ ግድግዳውን አየች። ከሰዓቱ ጎን አንድ ፎቶ ተሰቅሏል። አንድ ወጣት ወርዋሪ፣ የዛሬው አሰልጣኝ፣ በጓደኞቹ ትከሻ ላይ ሆኖ ይስቃል። ከሥሩ ቀኑ ተጽፏል፤ በዘጠኙም ዙር አንድ ንጹህ ምት ያልተመታበት ቀን ነው። በቬስተርዳል እንዲህ ያለ ጨዋታ የወረወረ ከእሱ ሌላ የለም። በዚያ ቀን አንዲት ኳስ ብቻ አልፋ ነበር፤ በመጨረሻው ዙር፣ ሦስተኛው ቤዝ ላይ የቆመው ጎርዲ ስላልያዛት። ጎርዲ የላቮን ባል ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ከተማው «ወንፊት» ይለዋል። በዓመቱ ጓንቱን ሰቀለ። ወንፊት ሲሉት አብሮ ይስቃል፤ ግን ልጁ ሲወረውር እንኳ ከመኪናው ወርዶ አያይም። አሁንም ውጭ፣ መኪናው ውስጥ ነው።

«ያቺ ልጅ» አለች አርዲስ፣ ዝግ ብላ፣ «በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ያንኑ ወርዋሪ ልታገባ ነበር። ቀሚሱ ተሰፍቷል፤ ኬኩ ታዟል። ኳሷ ስትመታ... እንዴት ብዬ ልንገርሽ፣ ኳሷን ያየ ሰው የለም። የሰማናት ነው። በሦስተኛው ቤዝ በኩል ጥይት ሆና አለፈች። እንኳን የሰው እጅ፣ የጎተራ በር ቢቆምላት በስታው ትሄድ ነበር። ወርዋሪው ታዲያ ዞሮ ማንን አየ? ኳሷን አይደለም። መቺውንም አይደለም። ያቺን ሞኝ አያት... ፊቱ ሊያለቅስ እንደ ደረሰ ሕፃን። እሷ ምን ታድርግ? እርሳሷ ብቻውን ሄደ፤ የተከላካዩ ስህተት ብሎ ጻፈ። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ይሉ የለ? ከአያያዝ ያልተቀደደም አለ፣ ላቮን... ከአጻጻፍ የተቀደደ።»

ላቮን ሹካዋን አስቀመጠች። አሁን አትስቅም።

«ከዚያማ እጅ ይለምዳል። በየዓመቱ ያቺን ፊደል እዚህም እዚያም። ተከላካዮቻችን ደካማ ናቸው ይላል ሰው። ስንቱ መጣ፣ ስንቱ ሄደ፤ ሁሉም ደካማ፣ አንድ ሰው ብቻ ጎበዝ። አይገርምም? መነጽር ግዢ ይሉኛል። ገዛሁ እኮ፣ ሁለት ጊዜ። አውቃ ለታወረች የትኛው መነጽር ያበራላታል? እሱማ መዝገቡን አይቶ ያምናል፤ ለምን አያምን? እኔው ጋግሬ፣ እኔው አጉርሼ፣ አሁን ወፈረ ብዬ ልማው? መሳቂያዋ እኔ ነኝ... መሳቂያ የሆነው ግን ሌላ ሰው ነው። ሃያ ሰባት ዓመት።»

ውሃዋን ጠጣች።

«ስለዚህ ዘንድሮ አዲስ እርሳስ ገዛሁ። ላጲስ የሌለው ነው። የሚመጣው እሁድ ማንም ይጀምር ማን፣ ያየሁትን እጽፋለሁ። የግድግዳው ጠላት ከጀመረ እጄ ያርፋል፤ ብዙም የሚጻፍ አይኖርም። ሌላ ሰው ከሆነ ግን... ወረቀት ልጨምር ነው። የድሮውንም መዝገብ ከሣጥን አውጥቼዋለሁ። ያን ገጽ ከፍቼ ኩሽናው ጠረጴዛ ላይ ትቼው ነው የመጣሁት። አንዲት ፊደል ናት። ማረሙ ይከብዳል ትያለሽ?»

የመገልበጫው ድምፅ ቆመ። የሚቃጠል ፓንኬክ ሸተተ። ለስድስት ሰዓት ሁለት ደቂቃ ቀርቶ ነበርና ክርክሩ ሁሉ በርዶ ሰው ወደ ሰሌዳው ዞሯል። ባሏ ሽርጡን ሳይፈታ መጣ። አርዲስ ዞራ አላየችውም። ጫማውን ብቻ አየች። አጠገቧ ሲደርስ ቆመ፤ ቀና ብሎ ፎቶውን አየው፤ ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ጠመኔውን ከኪሱ አውጥቶ ከሳህኗ ጎን አስቀመጠና ወደ ምድጃው ተመለሰ።

አርዲስ ጠመኔውን አንስታ ላቮን መዳፍ ላይ አኖረችው።

«አንቺ ጻፊው» አለቻት። «የእኔ ጽሕፈት አይታመንም።»

ላቮን አየቻት። ፈገግታ የለም፤ ይቅርታም ገና የለም። ተነስታ ወደ ሰሌዳው ሄደችና በትልልቁ «ኒልስ» ብላ ጻፈች። ጥቂት ቆማ ከጎኑ «የጎርዲ ልጅ» ብላ ጨመረች። ከዚያ ጠመኔውን እንደ ያዘች በሩን ከፍታ ወደ መኪናው ወጣች።

ስሙ ከተጻፈ በኋላ ወቅቱን የሚመርቀው መዝገብ ያዡ ነው፤ ልማዱ ነው። አርዲስ ተነሳች። ለኒልስ ጤና፣ ለሜዳው ፀሐይ ለመነች፤ ሰውም አሜን አለ። ቀጥላ ወደ ምድጃው፣ ወደዚያ ሰፊ ጀርባ ዞረች። ድምጿ እንደ ሙሽራ ለስልሶ ነበር።

«ለአንተም፣ የኔ ጌታ፣ እግዚአብሔር ዕድሜህን ያርዝመው። ጊዜው ሲደርስ ደግሞ፣ በላይኛው ደጅ መዝገብ ይዞ የሚጠብቅህ መልአክ እንደ እኔ የሚወድህ ይሁን... እንደ እኔም ማየት የተሳነው።»