ለሎሚ ጓሮ የታሰበው ሙዝ

ከአዳማ ወደ ሻሸመኔ በሚሄድ አውቶቡስ ተሳፍሬ ነበር። አዳሚ ቱሉ ላይ የገቡ አንድ ሽማግሌ አጠገቤ ተቀመጡና ጭኔ ላይ የያዝኩትን ካርቶን አጮልቀው አዩ።

“ልጄ፣ ስንቅሽ ሻግቷል፤ እንዳትበዪው” አሉኝ በሐዘኔታ።

በካርቶኑ ውስጥ በተደረደሩት ብልቃጦች ያለው አረንጓዴ ነገር የሙዝ ችግኝ መሆኑን፣ እኔም አዳማ ውስጥ ችግኝ በሚያባዛ ቤተ ሙከራ እንደምሠራ ነገርኳቸው።

“ሙዝ በጠርሙስ?” ሳቁ። “ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ሙዝስ እኔ ጫምሳ ጋ አለልሽ!”

እግራቸው ሥር የነበረውን ጆንያ ፈቱ። ሦስት የሙዝ ቡቃያዎች ነበሩበት። ልጃቸው ሎሚ ቡልቡላ ላይ ጎጆ ወጥታለች። በቤታቸው ልማድ፣ ሴት ልጅ ጎጆ ስትወጣ አባት ከጓሮው ሙዝ ነቅሎ ይተክልላታል።

ቅጠሎቹ ጠባብ፣ ዳርና ዳራቸው የገረጣ፣ አናት ላይ የታጨቁ ነበሩ። ሰው ፊት መናገር ይከብደኛል፤ የአባትን ስጦታ መንቀፍማ ይብሳል።

“ኦቦ ጫምሳ፣ ቡቃያዎቹ የተነቀሉባት እናት ሙዝ ታፈራለች?”

“ካቆመች ሁለት ዓመቷ። መሬቱ ደክሞ ነው፤ አዲስ አፈር ሲያገኝ ይነሣል።”

“በሽታ ይመስለኛል። ከእናት ወደ ቡቃያ ይተላለፋል።”

“ምን አልሽ? ጮክ በይ!”

ጮክ አልኩ። “ሎሚ ጓሮ ከተተከለ የጎረቤቶቿም ሙዝ ይታመማል!”

ፊት ወንበር ላይ የነበሩ ሴትዮ ዞረው አዩን። የኦቦ ጫምሳ ፊት ጠቆረ።

“እናቴ ያወረሰችኝን ሙዝ ነው የምታሚው? አፈር ያልነካ፣ ዝናብ ያላየ የጠርሙስ ሙዝ ሊበልጠው?”

“ሲጠነክር አፈር ይነካል። አሁን እንደ አራስ ልጅ ነው፤ ስኳርና ማዕድን ባለው ንጹሕ ምግብ ላይ ነው የሚያድገው። ከአንዱ ብዙ ይወጣል።”

“ቢወጣስ? የማንም ሙዝ ነው፤ የእናቴ አይደለም።”

ጭንቃቸው ያኔ ገባኝ።

“ከእናትዎ ሙዝም ይሠራል። በቡቃያው መሃል እምብርቱ ላይ ያለችው፣ ከሰናፍጭ ፍሬ የምታንሰው ጫፍ አንዳንዴ በሽታው አይደርስባትም። እሷን ለይተን እናሳድጋለን፤ መርምረን ጤነኛውን ብቻ እንሰጣለን። ዘሩም ጣዕሙም ያው ነው። ግን ላይሳካም ይችላል።”

“ላይሳካ ይችላል አለች!” አሉ ለፊተኛዋ ሴትዮ። “ነጋዴ ቢሆን እንዲህ አይልም። ታዲያ ባዶ እጄን ልጄ ቤት ልግባ?”

“ስኳር ይያዙላት!” አሉ ሴትዮዋ። “የናፈቃት አባቷ ነው። ደግሞ በሽታ ይዞ ጥየቃ የት አገር ነው?”

ኦቦ ጫምሳ ሳቃቸው አመለጣቸው። ቡልቡላ ስንደርስ ጆንያውን አሰሩና ከስልክ ቁጥራቸው ጋር ለእኔ ሰጡኝ።

ዘር መሰጣጣት መልካም ልማዳችን ነው። ሳይመረመር የተሰጠ ዘር ግን የአንዱን ጓሮ ሕመም ለመንደሩ ያዳርሳል፤ ንጹሕ ችግኝ የተከለ ገበሬ ምርቱንም የአባቶቹንም ዘር ያተርፋል።

ቤተ ሙከራችን ውስጥ ከሦስቱ ቡቃያዎች ከበሽታ ነጻ ችግኝ የተገኘው ከአንዱ ብቻ ነው። ኦቦ ጫምሳ የታመመውን የጓሯቸውን ሙዝ ከነሥሩ ነቅለው ቀበሩ። በዓመት ከመንፈቁ አርባ ችግኝ ተረከቡ፤ ስድስቱን ሎሚ ጓሮ ተከሉ፣ የቀረውን ለጎረቤቶቻቸው አከፋፈሉ።