በአባባ እርምጃ የተለካ መንገድ

አናጢው የልጅ ልጃቸውን የድንቡሼን እጅ እንደያዙ እርግጠኛ ነበሩ። ከሙዚየሙ ደጃፍ ተነስተው አደባባዩን እስኪያቋርጡ፣ ከተማው ከላይ የሚታይበት ረጅም ፎቅ ላይ ለመውጣት የተሰለፈው ሰው ዘንድ እስኪደርሱ አንድም ጊዜ ወደ ኋላ አልዞሩም። ሲዞሩ በእጃቸው ያለው የድንቡሼ ሹራብ እጅጌ ብቻ ነው። ሙቀቱ ሲበዛባት አውልቃዋለች፤ እሳቸው ጨርቁን ጨብጠው ልጅ የሚመሩ መስሏቸው ሄደዋል።

ክው አሉ። የመጡበትን መንገድ እየሮጡ ተመለሱ፤ ጥበቃውን ጠየቁ፣ ጋዜጣ ሻጩን ጠየቁ። በመጨረሻ ከሙዚየሙ አጥር ጥግ፣ ዛፍ ስር ባለ አግዳሚ ወንበር ላይ አንዲት ወጣት ሴት ተቀምጣ አዩ። ጭኗ ላይ በሰፊ ሻርፕ የተሸፈነ ሕፃን ተኝቷል። ከሻርፑ ጫፍ ብቅ ያለውን ግንባር ከመቶ ሕፃን መሐል ይለዩታል።

"ልጄ ናት፤ ስጪኝ" አሉ እጃቸውን ዘርግተው።

ሴትዮዋ ልጅቷን ይበልጥ ወደ ደረቷ አስጠጋች። "ይቅርታ ያድርጉልኝ አባት፤ አያቷ መሆንዎን በምን አውቃለሁ?"

አናጢው በሕይወታቸው ብዙ ተሰድበዋል፤ እንዲህ ያለ ነገር ግን ሰምተው አያውቁም።

"አይቆጡኝ" አለች። "የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ነኝ፤ የሰው ልጅ አደራ መሆኑን አውቃለሁ። ስሟን ብጠይቃት ድንቡሼ አለችኝ። የአያትሽስ ስም ብላት አባባ አለችኝ። ያረፋችሁበትን አታውቅም፣ ስልክ አታውቅም። በዚህ አደባባይ ደግሞ አባባ የማይባል ሽማግሌ የለም።"

"ሹራቧ ይኸው!"

"ሹራብ ማንም መንገድ ላይ ያነሳል። ከሹራቡ ስር ምን ለብሳለች?"

በጨለማ ዳብሰው ጥድን ከባሕር ዛፍ የሚለዩት አናጢ፣ ገና ጠዋት በገዛ እጃቸው ያለበሷትን ቀሚስ ቀለም አላወቁትም። ለመውጣት ሲጣደፉ አላዩትም።

በዚህ መሐል ድንቡሼ ነቃች። "አባባ" አለች ዓይኗን እያሸች። "እግሬን ሲያመኝ ቁጭ አልኩ። አንተ ሄድክ።"

አላለቀሰችም፤ አልወቀሰችም። የሆነውን ብቻ ተናገረች። አዛውንቱን ከሁሉ በላይ የወጋቸው ይኸው ነበር። መምህርቷ ልጅቷን አሳቀፈቻቸው፤ እሳቸውም ጎኗ ዘጭ ብለው ተቀመጡ።

ሰው ድንጋጤው ሲበርድለት ኩራቱ ይመለሳል። አናጢውም ትንፋሻቸው እንደተሰበሰበ "ልጅ ምን ይደክመዋል? ሲሮጥ የሚውል ፍጥረት!" ሲሉ አጉረመረሙ።

"የሚሮጠው ሲያሻው ነው አባት፤ ሲያሻው ደግሞ ቁጭ ይላል። ዛሬ የት የት አዞሯት?"

"ገበያውን፣ ቤተ መጻሕፍቱን፣ ሙዚየሙን አይተናል። ፎቁና የአራዊቱ ግቢ ይቀራሉ። ነገ እንመለሳለን።"

መምህርቷ እጇን አፏ ላይ ጫነች። "በአንድ ቀን? በአምስት ዓመት እግር?"

"እኔ በእሷ ዕድሜ አባቴን ተከትዬ ስንት አገር አቋርጫለሁ።"

"መሐል ላይ አላዘሉዎትም?"

አናጢው የአባታቸው ትከሻ ትዝ አላቸው፤ የመንገዱን አብዛኛውን ክፍል ያዩት ከዚያ ላይ ሆነው ነበር።

"ምን ላድርግ ልጄ" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ሀብታም አይደለሁም። ያረፍነው ስሙ በሚጠራ ሆቴል ነው፤ ሁለተኛ ሌሊት አይታሰብም። ስንመለስ ሰፈሩ መጀመሪያ የሚጠይቀው የት አደራችሁ ብሎ ነው።"

"ታዲያ ገንዘብዎን ለሰፈሩ ከፈሉ እንጂ ለልጅቷ አልከፈሉም። ለተኛ ሰው ጣሪያ ሁሉ አንድ ነው። ከመናፈሻው ጀርባ ባልና ሚስት የሚያስተዳድሩት ንጹሕ ማረፊያ ቤት አለ፤ ወጥ ቤቱን ለእንግዳ ይፈቅዳሉ። እዚያ ሁለት ሌሊት ቢያድሩ የሆቴሉን የአንድ ሌሊት ዋጋ አይሞላም። ዳቦና እንቁላል ከሱቅ ይገዛሉ። ሠራተኛው ቢሮ ከገባ በኋላ በአውቶቡስ ይወጣሉ፤ ወንበር አያጡም፣ ታክሲም አያስፈልግዎትም። ጠዋት አንድ ነገር ታያላችሁ፤ ቀትር ላይ ትተኛለች፤ ማታ መናፈሻው በነፃ ነው። ምን እንደምታዩ ደግሞ እሷን ይጠይቋት።"

"ልጅ ምርጫ ይጠየቃል እንዴ?"

"ሥራዎ ምንድን ነው አባት?"

"አናጢ ነኝ።"

"ቁም ሣጥን ሲሠሩ ባለቤቱን አይጠይቁም?"

"እንዴት አልጠይቅም! የግድግዳውን ወርድ፣ የሰውየውን ቁመት፣ እጁ የሚደርስበትን ሳልለካ መጋዝ አላነሳም።"

"ይህንን ጉዞ በማን ቁመት ለኩት?"

አናጢው ግን እጅ መስጠት አልፈለጉም። ልጅቷ ራሷ ፎቁን ስትመርጥ መምህርቷ ታፍራለች ብለው "ድንቡሼ፣ ቀጥሎ ምን እንይ?" ሲሉ ጠየቋት።

"ቤት እንሂድ። ከተማ አልወድም።"

ልጅቷ ስትጠፋ የደነገጡት አንድ ነገር ነው፤ ይሄኛው ሌላ ነው። ክረምቱን ሙሉ እንጨት ሲልጉ የከረሙት ለዚህ ቀን ነበር። ያን ሁሉ ላብ ከፍለው ለልጅ ልጃቸው የገዙላት ጥላቻ ሆነ። ፊታቸው አመድ መሰለ።

መምህርቷ አይታቸው አዘነች፤ ወደ ልጅቷም ጎንበስ አለች። "ቤት ከመሄድሽ በፊት ግን፣ አንዲት ነገር ብቻ ብታዪ?"

ድንቡሼ አሰበች። "ብቻውን የሚሄደው ደረጃ።"

ጠዋት ባቡር ጣቢያው ውስጥ ሲያልፉ ያየችው በኤሌክትሪክ የሚንቀሳቀስ ደረጃ ነው። ቆማ ስታይ አያቷ "ነይ፣ ይመሽብናል" ብለው ጎትተዋታል።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ የአናጢው ዕቅድ እዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ ተፈታ። በማግስቱ ዕቃቸውን ሸክፈው ወደ ማረፊያ ቤቱ ገቡ። ከዚያም ባቡር ጣቢያ ሄደው በዚያ ደረጃ ወጡ፣ ወረዱ፣ ደግመው ወጡ፤ የጣቢያው ጥበቃ እንኳ ሳቀባቸው። ማንም አላስከፈላቸውም። ቀትር ላይ ድንቡሼ ተኛች፤ እሳቸውም አብረው ተኙ፤ ቀን ላይ መተኛት ከተዉ ስንት ዘመናቸው። ማታ መናፈሻው ኩሬ ዳር ዳክዬ እያዩ ሙሉ ስማቸውን እንደ መዝሙር አስጠኗት፤ ስልካቸውንም ጽፈው ኪሷ ውስጥ ሰፉላት። ከተማው ባለበት ነው፤ የተለወጠው የአያት እርምጃ ነበር። ልጅቷም በሦስተኛው ቀን ወደ ቤት የሚመልሳቸው አውቶቡስ ሲነሳ "ትንሽ እንቆይ" ብላ አለቀሰች።

ቤት ሲደርሱ አናጢው ምንም ሳይደብቁ ለእናቷ ነገሯት። ልጃቸው ሰምታ ድንቡሼን ወደ ደረቷ አስጠጋች። "መንገርዎ ደግ ነው" አለች። "ሌላ ጊዜ ሦስታችንም እንሄዳለን።"

የሰፈሩ ወሬ አይቀርምና በሳምንቱ ግንበኛው ጎረቤታቸው ወደ ሥራ ቤታቸው መጣ። እሱም ትንሽ ልጁን ከተማ ሊያሳይ አስቧል።

"እኔ የምልህ፣ የትኛው ሆቴል ነው የሚሻለው?"

አናጢው የማረፊያ ቤቱን፣ የአውቶቡሱን፣ የቀትሩን እንቅልፍ አንድ በአንድ አስረዱት።

ግንበኛው አልጣመውም። "ፎቁስ? ከላይ ሲታይ ከተማው መዳፍህ ላይ ነው አሉ።"

"አልወጣንም።"

"ከተማ ሄደህ? ፎቁን ሳታይ?" ግንበኛው ተነስቶ ቆመ።

"ከስር አየሁት። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ልንወጣ ሄደን ልጅቷ ትከሻዬ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። ልቀሰቅሳት አልፈለግሁም።"

ግንበኛው የተላገ ሣንቃ ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

"ማረፊያ ቤቱ" አለ፣ "ወጥ ቤት አለው ነው ያልከኝ?"