ባቡሯ ገና ዋሻው ውስጥ ናት

የተከበሩ ቄስ ሄለን፣ የተከበራችሁ የሃርስዌት ሰዎች፣ የክበባችን አባላት፣ እንዲሁም እዚያ ዛፉ ሥር የተጠለሉት የአዳራሹ ኮሚቴ ሊቀመንበር አቶ ፒከርስጊል፤ በዚህ ዝናብ ዊኒፍሬድ ኦልድሮይድን ልትሸኙ ስለወጣችሁ አመሰግናለሁ። አርኖልድ ነኝ፤ ሥጋ ሻጩ፣ የሞዴል ባቡር ክበቡ ጸሐፊ። አቶ ፒከርስጊል፣ ቀረብ ይበሉ እንጂ። የምናገረው እርስዎንም ይመለከታል።

መጫወቻ ነው አሉ።

ዊኒፍሬድን፣ የኛን ዊን፣ ዕድሜዋን ሙሉ እንዲህ አሏት። ትልቅ ሴት፣ የትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ኃላፊ፣ ከሥራ ስትወጣ በትንንሽ ባቡር ትጫወታለች አሉ። አቶ ፒከርስጊል እሑድ እሑድ አንዲት ነጭ ኳስ በዱላ እየመቱ መስክ ለመስክ ይከተሏታል። ያ ስፖርት ነው። የኛ ግን መጫወቻ ነው!

መጫወቻ ነው ወይ? ልጅ እግር ሳለች እዚህ ታች ባቡር ጣቢያችን ቢሮ ገባች። "ባቡር መንዳት እፈልጋለሁ" አለቻቸው ሠራተኞቹን። ሳቁባት። ጓዳ ያሉትን ጠርተው እንድትደግምላቸው አደረጉ፤ እንደገና ሳቁ። "ሻይ ማዞር ከፈለግሽ ቦታ አለን" አሏት። ብዙም ሳይቆይ መስመሩን ዘጉት፤ ሐዲዱንም ነቅለው ወሰዱት። ሌላ ሰው ቢሆን አልቅሶ ይተወው ነበር። ዊን ግን "ዘጋችሁት? እሺ፣ እኔ እከፍተዋለሁ" አለች።

ከፈተችውም! በአዳራሹ የኋላ ክፍል ውስጥ ጣቢያውን፣ ድልድዩን፣ ዋሻውን፣ የተሳቀባትን ቢሮ ሳይቀር አሳንሳ መልሳ ሠራችው። ቢሮው ውስጥ የሹፌር ቆብ ያደረገች፣ ከጥፍሬ የማትበልጥ ሴት ቆማለች። ጎንበስ ብሎ በመስኮቱ ላላየ አትታይም። ስንቶቻችሁ አይታችኋታል?

ቤቷ ደግሞ በኮምፒውተር ባቡር ትነዳ ነበር፤ ሐዲዱም፣ ድልድዩም፣ ተሳፋሪውም ስክሪኑ ላይ ነው። ኢኒድ፣ አትሸማቀቂ፣ ልናገረው ነው። ጎረቤቷ ኢኒድ አንድ ቀን በሩን ብታንኳኳ መልስ የለም። መብራቱ በርቷል፣ ዊን ግን አትታይም። ሞታለች ብላ ፖሊስ ጠራች። ያ ምስኪን ፖሊስ በወጥ ቤቱ መስኮት ሾልኮ ገብቶ፣ ደረጃውን ወጥቶ የመኝታ ቤቱን በር ሲከፍት ዊን ቆቧን አድርጋ ቁጭ ብላለች።

"እመቤቴ፣ ደህና ነዎት?"

"ዝም በል! ድልድይ ላይ ነኝ።"

"ይሄ ነገር ለአፍታ አይቆምም እንዴ?"

"ተሳፋሪ ጭኜ ድልድይ መሃል ልቁም? አንተ በዚህ ንፋስ ትወርድልኛለህ?"

ፖሊሱ ምን ያድርግ! ባርኔጣውን አውልቆ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ጣቢያ እስኪደርሱ ጠበቀ። ኢኒድም ውጪ ዝናብ ላይ እያለቀሰች ጠበቀች።

ሕጓ ይሄ ነበር። የተነሳ ባቡር መንገድ ላይ አይተውም። ሁለተኛም ሕግ ነበራት፤ የክበባችን አባላት ታውቁታላችሁ። ከሰማይ እጅ አይወርድም! ባቡሩ ሐዲድ ቢስት፣ ቢጣበቅ፣ ቢገለበጥ፣ በእጅ አንስቶ ማስተካከል የለም። እውነተኛን ባቡር ማን በእጁ ያነሳል? ባለፈው ዓመት ኤግዚቢሽን ላይ ያ ሁሉ ሕዝብ ቆሞ እያየ ባቡራችን ዋሻው ውስጥ ሐዲድ ሳተ። ከሌላ ክበብ የመጣ ሰውዬ ሊረዳን እጁን ሰደደ። ዊን እጁን ቸብ አደረገችው። "እጅህን ሰብስብ! ማን ነኝ ብለህ ነው?" አለችው። ሌላ ባቡር ልካ፣ ከሳተው ጋር አያይዛ፣ እየጎተተች አወጣችው። ከሕዝቡ አንድም ሰው ንቅንቅ አላለም። ፉርጎዎቹ ብቅ ሲሉ የነበረውን ጭብጨባ እዚያ የነበራችሁ ትመሰክራላችሁ።

እንግዲህ ያለፈው ቅዳሜ ከሰዓት። የመጨረሻዋን ባቡር ራሷ ሰደደቻት። ባቡሯ ዋሻው ውስጥ ገባች፤ ዊን ወደቀች። የያዝነውን ሁሉ ጥለን ወደሷ ሮጥን። አንዳችን ኤሌክትሪኩን አጠፋ፤ ባቡሯም እዚያው ዋሻው ውስጥ ቆመች። ቃሬዛ ላይ ሆና እጄን ያዘችኝ።

"አርኖልድ፣ ባቡሬ ዋሻ ውስጥ ናት።"

"ኧረ ተዪው አሁን፣ ዊን።"

"እጅህን እንዳታስገባ! ሰምተኸኛል?"

ከዚያ ወዲያ አልተናገረችም። ቄስ ሄለን፣ ይቅር ይበሉኝ፣ ቤተ ክርስቲያንዎ ደጃፍ ላይ ቆሜ ነው የምናገረው። ከሰማይ እጅ ወረደ። ገና መንገድ ላይ የነበረችን ሴት አንስቶ ወሰዳት። ሕጉን የጣሰው እሱ ነው! ተናድጃለሁ። መናደዴንም አልደብቅም።

ትናንት ደግሞ አቶ ፒከርስጊል ሱቄ መጡ። "አርኖልድ፣ እንግዲህ እሷም አልፋለች፤ ዓርብ ቁልፉን አስረክቡን። ክፍሉን ለስፖርት መሣሪያ እንፈልገዋለን" አሉኝ። መስመሩ እዚያው ክፍሉ ውስጥ ነው የተሠራው፤ በበሩ አይወጣም። በመጋዝ ካልተቆራረጠ አይወጣም። አንድ ጊዜ ሲነቅሉባት አይታለች። ሁለተኛ ጊዜ ይነቀልባት? አፈሩ ሳይደርቅ? እኛ ቆመን እያየን?

ዊን፣ ደወሉን ይዤልሽ መጥቻለሁ። ይኸው። ጎረቤቶች፣ ይህን ደወል አታውቁት ይሆናል። ሁለቴ ይደወላል፣ ፋታ፣ ከዚያ አንዴ። ባቡሩ ሙሉ በሙሉ ገብቷል፣ መስመሩ ነፃ ነው ማለት ነው። ዛሬ መቃብርሽ ላይ ልደውልልሽ ነበር። ጓደኞቻችንም ያንን ይጠብቃሉ።

አልደውልም! የመጨረሻውን ፉርጎ ቀይ መብራት በዓይንህ ሳታይ እንዳትደውል ብለሽ ያስተማርሽኝ ራስሽ ነሽ። አላየሁትም። ባቡርሽ ገና ዋሻው ውስጥ ናት። ማንም አልነካትም፤ ማንም አይነካትም።

አቶ ፒከርስጊል፣ ዓርብ አይጠብቁኝ። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው፤ እዚያው ይቆያል። ቅዳሜ ከሰዓት ግን ይምጡ፣ በሩ ክፍት ነው። ጎንበስ ብለው በቢሮው መስኮት ይመልከቱ። ከዚያ መጋዙን ማን እንደሚይዝ ይነግሩኛል። ባቡር መንገድ ላይ እያለች መስመር አይዘጋም!

ደህና ሁኚ፣ የኔ ቁጡ። የሳቁብሽ ሁሉ ዝም ብለዋል፤ አንቺ ግን አሁንም እየነዳሽ ነው። ቅዳሜ ባቡርሽን እጅ ሳናስገባ ነድተን እናወጣታለን፤ ጆሮሽን ወደ አዳራሹ ጣል አድርጊ። ሁለት፣ ፋታ፣ አንድ። ያንን ስትሰሚ ገብታለች።