ስሜን እንዳያስጠራ

አቶ አንለይ ያን ቀን ወደ አሶሳ የወጡት ለዕድራቸው የድንኳን ሸራ ሊገዙ ነበር። በባጃጅ አልመጡም። ልጃቸው ነብዩ ጠጥቶ ሲያሽከረክር ባጃጁን ገልብጦ የጎረቤታቸውን የአቶ ገረሱን ሚስት ከገደለ ወዲህ ባጃጅ ሲያዩ ፊታቸውን ያዞራሉ። ስለዚህ ከመንደራቸው ጀምረው በእግራቸው ተጓዙ። ገበያው ጋ ሊደርሱ ትንሽ ሲቀራቸው የአሶሳ ክረምት እንደ ልማዱ ሳያስጠነቅቅ ወረደባቸውና አንድ የጨርቅ ሱቅ በረንዳ ላይ ተጠለሉ።

በእጃቸው ፌስታል አንጠልጥለዋል፤ ውስጡ ምሳ ዕቃ አለ። ሚስታቸው ወይዘሮ አሰለፈች ጉልበቷ ስለማያራምዳት ጠዋት ሲወጡ እጃቸው ላይ አንጠለጠለችላቸው። ለማን እንደሆነ አልነገረቻቸውም፤ እሳቸውም አልጠየቁም። ለመጀመሪያው የኔ ቢጤ ሰጥቼ እገላገለዋለሁ ብለው ነበር የተቀበሏት። ሆኖም በመንገዳቸው ከአንድም ሁለት የኔ ቢጤ አልፈው ምሳ ዕቃው አሁንም እጃቸው ላይ ነበር።

አቶ አንለይ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ በሰፈራ መጥተው ጫካ መንጥረው ቤት የሠሩ፣ በመንደራቸው ቃላቸው የሚሰማ፣ የዕድሩ ዳኛ የሆኑ ሰው ናቸው። ነብዩ የተወለደላቸው ከብዙ ጥበቃ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ጎረቤቱን ሰብስበው አብልተው አጠጥተው «ስሜን የሚያስጠራልኝ መጣ» ብለው ነበር። የአቶ ገረሱ ሚስት በሞተች ጊዜ መርዶውን ያስነገሩት፣ ድንኳኑን ያስተከሉት፣ የሟችን ቤተሰብ ያጽናኑት ራሳቸው ናቸው፤ ዳኛ ናቸውና። ከቀብር መልስ ግን በለቀስተኛው መካከል ተነሥተው «ከዛሬ ጀምሮ ልጅ የለኝም» አሉ። በዚህም አላበቁም። ልጁ ወደ ታሰረበት ፖሊስ ጣቢያ ለሚሄድ አንድ ሰው «እዚያ ስሜን እንዳያስጠራ በልልኝ» ብለው ላኩበት። መልእክቱ ደረሰ። ከዚያ ወዲህ ከቤታቸው ጣቢያውን የረገጠ ሰው የለም።

በረንዳው ላይ እሳቸው እንደ ቆሙ አንዲት ወጣት ጃንጥላዋን እያራገፈች መጥታ አጠገባቸው ቆመች። ሻሽ አድርጋለች፤ ነጭ ጋዋኗን አጣጥፋ በክንዷ ይዛዋለች። ሲስተር ሀምዲያ ትባላለች፤ የአሶሳ ልጅ፣ የበርታ ብሔረሰብ ተወላጅ፣ የአእምሮ ሕሙማንን የምትረዳ ነርስ ናት። በትሕትና ሰላም ካለቻቸው በኋላ ዓይኗ ምሳ ዕቃው ላይ አረፈ።

«አባባ፣ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ነው? እኔም ወደዚያው ነኝ፤ ዝናቡ ሲያባራ አብረን እንሄዳለን» አለቻቸው።

«የለም፣ የለም፤ ለታማሚ ነው» አሉ አቶ አንለይ።

ውሸቱ ሳያስቡት ነው ያመለጣቸው። ሲስተር ሀምዲያ ከልቧ «ፈጣሪ ይማርልዎ» ስትላቸው አሜን አሉ። እፍረታቸውን ለመሸሽ ወሬ ፈለጉና ነርስ ፖሊስ ጣቢያ ምን ሥራ አላት ብለው ጠየቋት። በየሳምንቱ እየሄደች እስረኞችን እንደምታነጋግር፣ በተለይም ሞትን የሚመኙትን እንደምትፈልግ ነገረቻቸው። ይሄኔ የዕድር ዳኛው ሰው አቶ አንለይ ተቆጡ። ብዙዎቻችን እንዲህ ነን፤ የራሳችን ቁስል ሲነካ ስለ ሥርዓት መናገር ይቀናናል።

ሊቀጣ የገባን ሰው እሹሩሩ ማለት ጥፋተኛን ማበርታት ነው አሉ። እስር ቤት ጠበብ፣ ከበድ ካላለ ማን ይማርበታል? ወላጅስ ዘወር ካላለበት በምን ያፍራል? እሞታለሁ እያለ የሚያስፈራራውም የሚሞት አይደለም፤ ከልቡ ያሰበው ምን አስወራው?

ሲስተር ሀምዲያ አላቋረጠቻቸውም። ሲጨርሱ ቀስ ብላ «ጥፋተኛ ይቀጣ፤ እኔም ቅጣቱን አልቃወምም» አለች። «ቅጣቱን የሚቆርጠው ግን ዳኛ ነው። ዳኛ ደግሞ ብቻህን ሆነህ ሙት ብሎ አይፈርድም።»

ዳኛ የሚለው ቃል አቶ አንለይን ወጋቸው። እሷ ምንም አላወቀችም፤ ንግግሯን ቀጠለች። እሞታለሁ ያለ ሁሉ መታመን አለበት አለች፤ ብዙዎቹ ከመሞከራቸው በፊት በሆነ መንገድ ተናግረዋል፣ የሚሰማቸው አጥተው እንጂ። ከሁሉ የሚከፉት የመጀመሪያዎቹ ቀናት ናቸው። ሰውየው ትናንት የሰው አባት፣ የሰው ልጅ፣ ባለ ሥራ ነበር፤ ዛሬ ቀበቶውን አስረክቦ ሱሪውን በእጁ ይዞ ወለል ላይ ተቀምጧል። ያን ጊዜ ከፍርዱ ይልቅ የሚያደቅቀው ሐፍረቱ ነው። ሌላ ከተማ ስትሠራ የሆነውንም ነገረቻቸው። አንድ እስረኛ መኖር አልፈልግም ቢል ጠባቂዎቹ ለደኅንነቱ ብለው ያለውን ሁሉ ተቀብለው ብቻውን ክፍል ዘጉበት። ክፋት አልነበረባቸውም። ነገር ግን ያንኑ የሚገድለውን ሐሳብ ትተውለት፣ የሚያነጋግረውን ሰው ነበር የወሰዱበት። እሷ ስትደርስ ሕይወቱ አልፎ ነበር።

የአቶ አንለይ ድምፅ ዝቅ አለ። «እሺ ልጄ፤ ስለ ሞት መጠየቁስ? ያላሰበውን ማሳሰብ አይሆንም?»

«እኔም ስማር ይህንኑ እፈራ ነበር» አለች። «ግን እንደዚያ አይደለም አባባ። ያላሰበ ሰው ኧረ በጭራሽ ይላል፤ ነገሩ እዚያ ላይ ያበቃል። ያሰበው ደግሞ ብቻውን ሲሸከም የቆየውን የሚያወርድበት ያገኛል። ጥያቄው ግን ቀጥተኛ መሆን አለበት። ራስህን ልታጠፋ አስበህ ታውቃለህ ብሎ መጠየቅ፤ ከዚያም ሳይቆጡ፣ ሳይሰብኩ መስማት ነው።»

ዝናቡ ቀዝቀዝ እያለ ነበር። አቶ አንለይ ወደ ጭቃው እያዩ፣ ለሌላ ሰው እንደሚጠይቁ ሁሉ «እንበልና አንዱን አባቱ ልጄ አይደለህም ብሎታል። በንዴት ነው እንጂ ከልቡ አይደለም። ይህ ልጁን ይጎዳዋል?» አሉ።

ሲስተር ሀምዲያ ምሳ ዕቃውን አየችና ወዲያው ዓይኗን መለሰች። የገባትን አልተናገረችም።

«በንዴት መሆኑን ልጁ በምን ያውቃል? እስረኛ ውጭ ያለውን የሚያውቀው በር ላይ በሚመጣለት ነው። ሰው ከመጣ አለሁ ይላል። ካልመጣ ደግሞ የሰማትን የመጨረሻ ቃል ይዞ ይቀመጣል።»

ከዚያም የመጡበትን ጉዳይ ጠየቀቻቸው። ለዕድር ድንኳን ሸራ አሉ። ድንኳን የሚተከለው ሰው ከሞተ በኋላ ነው፤ እንዲህ ያለ የተባበረ መንደር ካላቸው ከመሞቱ በፊት ቢደርሱለት ምን ነበረበት አለቻቸው፤ ተሰናብታ ጃንጥላዋን ዘርግታ ሄደች። አቶ አንለይ ትንሽ ቆሙ። ገበያው በስተቀኝ ነበር። እሳቸው ወደ ግራ ዞሩ።

የጣቢያው በር ላይ ስንቅ ያመጡ ሰዎች ተሰልፈዋል። አቶ አንለይ ጋቢያቸውን እስከ ዓይናቸው ስበው ከኋላ ቆሙ። ከፊታቸው የቆመችው የመንደራቸው ሴት ዞር ብላ እንዳትለያቸው እየተሳቀቁ፣ የዕድር ዳኛው ሰውዬ ሌባ እንደሚደበቅ ተደበቁ። ተራቸው ሲደርስ በሩን የሚጠብቀው ሳጅን ሀይደር የእስረኛውን ስም ጠየቃቸው። ሀይደር የበርታ ሰው ነው፤ አማርኛን የተማረው በሥራ ላይ ስለሆነ ሽማግሌውንም ሕፃኑንም አንተ ነው የሚለው።

«ነብዩ አንለይ» አሉ በሹክሹክታ።

«አባቴ፣ አይሰማም። ጮክ በል።»

«ነብዩ አንለይ» አሉ። ከፊታቸው የነበረችው ሴት ዞረች። ፊታቸው በእፍረት ጋለ።

ሳጅኑ ወደ ግቢው ዞሮ ስሙን ተጣራ። መልስ የለም። ደግሞ ተጣራ። አሁንም መልስ የለም። አቶ አንለይ የበሩን ብረት ያዙ። እዚያ በረንዳ ላይ የሰሙት ሁሉ፣ ያ ክፍል የተዘጋበት ሰው፣ አንድ ላይ መጣባቸው። ዘገየሁ አሉ በልባቸው። ደግሞም የዕድሩን ድንኳን ሲያስተክሉ ታያቸው፤ በራሳቸው ደጅ።

ሳጅን ሀይደር ግንባሩን በእጁ መታ አደረገ። «ኣ፣ ረሳሁ። ይሄ ልጅ በዚህ ስም አይመጣም» አለና ድምፁን ከፍ አድርጎ «ነብዩ አሰለፈች!» ብሎ ጠራ።

«አቤት» አለ አንድ የደከመ ድምፅ።

አቶ አንለይ የሰሙትን ማመን አቃታቸው። ሳጅኑ ግን ነገሩ ቀላል ስለ መሰለው አስረዳቸው። ልጁ ገና የገባ ዕለት ለምኖታል፤ መዝገቡ ላይ እንደፈለጋችሁ ጻፉ፣ ስትጠሩኝ ግን በእናቴ ስም ጥሩኝ፣ አባቴ ስሙ እዚህ እንዲጠራ አይፈልግም ብሎታል። በአባቱ ስም ቢጠሩት አቤት አይልም። «ጨዋ ልጅ ነው» አለ ሳጅኑ። «አይጮህም፣ አያስቸግርም። ምግቡን ለሌላ ይሰጣል። ብቻዬን ልተኛ አለ፣ ብቻውን አደረግነው።»

«ነርሷስ አላየችውም?»

«እሷ ጋ የምንልከው የሚጮኸውን ነው።»

ነብዩ መጣ። ከስቷል። አባቱን ሲያይ ከሽቦው ማዶ ቆሞ አንገቱን ደፋ። በጣቢያው ደንብ ስንቅ ያመጣ ሰው ቀድሞ መቅመስ አለበትና ሳጅኑ «ቅመስ አባቴ» አለ። አቶ አንለይ ምሳ ዕቃውን ከፈቱ። አሰለፈች ለልጇ የሚወደውን ሽሮ ሠርታለታለች። በሰው ሁሉ ፊት ጎረሱ፤ ጉርሻው ከእንባቸው ጋር ወረደ።

«አባባ፣ ለምን መጣህ? ስምህን አላስጠራሁም» አለ ነብዩ።

ያን ቀን አቶ አንለይ ምድር ብትውጣቸው ይወዱ ነበር። ልጃቸው በሕይወቱ እንደዚያ የታዘዛቸው ጊዜ የለም፤ የታዘዘውም ይህን ነው። ይቅርታ ሊጠይቁ አሰቡ። ያች የበረንዳዋ ልጅ ያለችው ግን ትዝ አላቸውና ወደ ሽቦው ተጠጉ።

«ነብዩ፣ ራስህን ልታጠፋ አስበህ ታውቃለህ?»

ልጁ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። «በየቀኑ» አለ። «በስማችሁ ላይ ያመጣሁት እፍረት ከኔ ጋር እንዲያልቅ ብዬ።»

አቶ አንለይ አልተቆጡም፤ ኃጢአት ነው ብለው አልሰበኩም። ጣቶቻቸውን በሽቦው ቀዳዳ አሳልፈው የልጃቸውን ጣቶች ያዙና የሚናገረውን ሁሉ ሰሙ። ሲጨርስ «ያጠፋኸውን ለፍርድ ቤት ትመልሳለህ። ገረሱ እግር ላይም አብረን ሄደን እንወድቃለን፤ ጊዜው ሲደርስ። እኔ የበደልኩህን ግን ዛሬ እመልሳለሁ። ስሜን አስጠራ» አሉት። ሳጅን ሀይደር ይህን ሁሉ ሲሰማ ቆይቶ ሄዶ ሲስተር ሀምዲያን ጠራት።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በአጭሩ እንናገር። ነብዩ ያን ዕለት ማታ ብቻውን አላደረም፤ ከሁለት የበሰሉ እስረኞች ጋር ተደረገ፣ ሕክምናም ጀመረ። ሳጅን ሀይደርን በዝምተኛው እስረኛ ጨዋነት ሲረካ መኖሩ በጣም አሳፈረው። አለቆቹን አስፈቅዶ አዲስ የሚገባውን ሁሉ በመጀመሪያው ቀን ያንኑ ጥያቄ ይጠይቃል፤ ወደ ቤቱም ስልክ ያስደውለዋል። እስረኛው ቢጮህም ዝም ቢልም ነርሷ ታየዋለች። ሥራው በዛብን ብለው ያጉረመረሙ ጠባቂዎች ግቢው ሲረጋጋና እስረኛው ከነሱ ጋር በሰላም መነጋገር ሲጀምር ሥራቸው እንደ ቀለለ ራሳቸው መሰከሩ።

አቶ አንለይም በዕድሩ ስብሰባ ቆመው «ልጅ የለኝም ያልኳችሁ ውሸት ነበር፤ በእናንተ ፊት የተናገርኩትን በእናንተ ፊት እመልሳለሁ» አሉ። ከዚያም የታሰረ አባልና የአባል ልጅ እንደ ታመመ ሰው በተራ እንዲጠየቅ ሐሳብ አቀረቡ። መቅጣት የፍርድ ቤቱ ነው፣ ሰውየውን በሕይወት ለፍርድ ማድረስ ግን የሁላችን ነው ሲሉ ብዙ ሰው አንገቱን ደፋ። አቶ ገረሱ ከኋላ ተቀምጠው ነበር። ሐሳቡን በመደገፍ እጃቸውን አወጡ። አቶ አንለይ ያችን እጅ ቀና ብለው ለማየት አልደፈሩም።

በሚቀጥለው ሳምንት አቶ አንለይ ከበሩ ላይ ቆመዋል። ሰልፉ ረጅም ነው፤ የመንደራቸው ሰዎችም አሉበት። እፍረቱ አልለቀቃቸውም፤ ፊታቸው እንደ ጋለ ነው። ጋቢያቸው ግን ትከሻቸው ላይ ነው። ሳጅን ሀይደር አያቸውና ወደ ግቢው ዞሮ «ነብዩ አንለይ!» ብሎ ተጣራ።

ልጁ ከውስጥ አፉን ሳይከፍት፣ አባትየው ሰልፉ ሁሉ እስኪሰማ ድረስ «አቤት!» አሉ።