ሜዳው አፍ ላይ የነበረው ወንበሬ

የቴኒሱ ውድድር ዳላስ ሊመጣ ነው ከተባለ ጀምሮ የምሠራበት መጋዘን ውስጥ ማን እንደሚያሸንፍ ስከራከር ከረምኩ። ለፍጻሜው ከጓደኛዬ ከሰለሞን ጋር ሜዳው አፍ ላይ ተቀመጥን። ሶ፣ ጨዋታው ሊጀመር ሲል የቤተክርስቲያናችን ሽማግሌ ጋሽ ተሰማ ጣሪያ ሥር ካለው ወንበራቸው ወርደው ሰላም ሊሉን መጡ። ሰለሞን ብድግ ብሎ፣ «ጋሼ፣ እዚህ ይቀመጡ፤ እሱ ወጣት ነው፣ እርስዎ ቦታ ይወጣል» አላቸው። እሱ የተባልኩት እኔ ነኝ።

«የራስህን አትለቅላቸውም?» አልኩት ጥርሴን ነክሼ።

«ሽማግሌ ቆሞ? ነውር ነው።»

ጋሽ ተሰማ «ኧረ በእግዜር፣ አይሆንም» እያሉ ተቀመጡ።

ከላይ፣ ከእሳቸው ወንበር ላይ፣ ኳሷ ምስር አክላ ነው የምትታየኝ። ጋሽ ተሰማ ግን በደንብ ይታዩኛል፤ አገጫቸውን ደረታቸው ላይ ጥለው እንቅልፋቸውን ይለጥጣሉ። ደሜ ፈላ። ስንወጣ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ «ተባረክ ልጄ። ለመሆኑ ማን አሸነፈ?» አሉኝ።

«ሰለሞን ነዋ» አልኳቸው።