ከማሽኑ ሥር የቀረው እጅጌ

የምስክሩ መጠሪያ፦ በሙያ ባልደረቦቹ ዘንድ «ፈዛዛው» በመባል የሚታወቅ
ዕድሜ፦ 54
ሥራ፦ የሥራ ክርክርና የአካል ጉዳት ጉዳዮች ጠበቃ
አድራሻ፦ ከፍርድ ቤቱ ጀርባ፣ ከፎቶ ቤቱ በላይ ያለው ቢሮ
ከተጎጂዋ ጋር ያለው ግንኙነት፦ ጠበቃዋ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ የካቲት 9፣ ረቡዕ ጠዋት

እኔ ከላይ የተጠቀስኩት ምስክር ስለ ሥራዬና ስላየሁት ነገር ተጠይቄ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ። እናቴ ልብስ ሰፊ ነበረች። ያደግኩት ከስፌት መኪናዋ ሥር፣ ቁርጥራጭ ጨርቅ ላይ ተኝቼ ነው። እስከ ዛሬ የማሽን ድምፅ ስሰማ ዓይኔ ይከደናል፤ ቅጽል ስሙም የወጣልኝ ችሎት ውስጥ የአየር ማራገቢያ እያዳመጥኩ ፈዝዤ በመገኘቴ ነው። ሕግ ተምሬ እንደጨረስኩ የተቀጠርኩት ለአሠሪዎች ከሚሟገቱ አንድ ሽማግሌ ጠበቃ ዘንድ ነበር። እሳቸውም «ሰውየው የተጎዳበት ቦታ ሳትቆም አፍህን እንዳትከፍት» ይሉኝ ነበር። በሰው ቦታ ስቆም ስቆም ልቤ ወደ ሠራተኞቹ አደላ። ከእሳቸው ተሰናብቼ ከወጣሁ ወዲህ የያዝኩት የተባረሩና የተጎዱ ሰዎችን ጉዳይ ብቻ ነው።

ተጎጂዋ በልብስ እጥበት ድርጅት ውስጥ ልብስ ተኳሽ ነች። ባለፈው ሳምንት የመተኮሻ ማሽኑ ክዳን ቀኝ እጇ ላይ ወርዶባታል። የፈረቃ አለቃው እንቅልፍ ጥሏት ክዳኑን የሚያወርደውን ፔዳል ራሷ እንደረገጠች ተናግሯል። እሱ ከታመነ ጥፋቱ የእሷ ይሆንና ከሥራም ከካሳም ውጪ ትቀራለች።

ትላንት ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ አለቃው ባለበት፣ እሷ ትሠራበት በነበረው ማሽን ፊት ቆምኩ። እንደ ልማዴ ኮቴን አውልቄ እጅጌውን እጇ በነበረበት ላይ ዘረጋሁት። መስኮቱን እንፋሎት ሸፍኖት ብርሃኑ ወተት መስሏል፤ የተሰቀሉት አንሶላዎች ቀስ ብለው ይወዛወዛሉ። ማሽኑ ያንጎራጉራል። እውነቱን ለመናገር የእናቴ እግር አጠገቤ ያለ መስሎኝ ነበር፤ ደስም ብሎኝ ነበር። በዚህ መሃል አለቃው ጎን ያለውን ማሽን አስነሳ። በዚያው ቅጽበት የእኔኛው ክዳን ማንም ፔዳሉን ሳይነካ ወርዶ እጅጌውን ያዘው። ሁለቱም እግሮቼ ከፔዳሉ ርቀው ነበር።

አለቃው ፊቱ ጠቆረ። ወዲያው ግን ሳቅ ብሎ፣ «ጋሼ ፈዛዛው፣ ደግሞ በሕልምዎ ምን አዩ?» አለኝ። ያረረውን እጅጌ አሳየሁት። ኮቱን ይህን ቃል ለሚቀበለኝ መርማሪ አስረክቤአለሁ።

ከዚያ ተጎጂዋ ቤት ሄጄ፣ በአንድ ጉዳይ ጠበቃም ምስክርም መሆን እንደማልችል ነገርኳት። በፋሻ የተጠቀለለውን እጇን ታቅፋ ተቀምጣ ነበር።

«ታዲያ ለማን ጥለውኝ ነው ጋሼ?» አለችኝ።

«ጠበቃ ሞልቷል ልጄ። ክዳኑ ሲወርድ ያየን ግን እኔና አለቃሽ ነን፤ እሱ እንደሆነ አይናገርም።»

አለቀሰች፤ እኔም በጣም ከፋኝ። እንደዚህኛው ልሟገትለት የፈለግሁት ጉዳይ የለም።

መርማሪው ቃሌን አንብቦልኝ ትክክል መሆኑን አረጋግጫለሁ። ከላይ «ጠበቃዋ» የሚለው ተሰርዞ «ምስክሯ» እንዲባል ጠይቄአለሁ። ያልኩት ሁሉ ያየሁት ነው፤ ነቅቼ ያየሁት።

የምስክሩ ፊርማ ________
የመርማሪው ፊርማ ________